ግድግዳ ከመስመር ወደ መረጃ፦ የንብርብሮችና የኮድ አጭር ታሪክ

የጭቃ ቤት ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ግድግዳ አንድ ወጥ ነገር አለመሆኑን ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ቋሚው እንጨት ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል፣ ከዚያ ከጭድ ጋር ተረግጦ የቦካ ጭቃ ይመረጋል። ምርጊቱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛ እጅ ይደገማል፤ በመጨረሻ ቀጠን ባለ ጭቃ ይለሰናል። በከተማም ነገሩ ያው ነው፦ ብሎኬት፣ በውስጥም በውጭም ልስን፣ ከላዩ ቀለም። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ ሥራ አለው። አንዱ ይሸከማል፣ አንዱ ዝናብ ይከላከላል፣ አንዱ ብርድና ሙቀት ይገታል፣ አንዱ ደግሞ ለዓይን ያምራል።

ታዲያ ምርጊት የመረገ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ነገር ኮምፒውተር ለማወቅ ስንት ጊዜ ፈጀበት? ወደ አርባ ዓመት ገደማ። ካወቀ በኋላም ሌላ ጥያቄ መጣ፦ የግድግዳውን ውስጥ የመቀየር ሥልጣን የማን ነው? በመዳፊት አንድ በአንድ የሚያርመው ሰው ወይስ በጥቂት የኮድ መስመሮች ሁሉንም በአንዴ የሚቀይረው ስክሪፕት? ዛሬ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ግድግዳዎች ውስጣቸው በሰከንዶች ሊቀየር ይችላል። እዚህ እንዴት እንደተደረሰ እስኪ ከመጀመሪያው እንየው።

በምላጭ የሚፋቅ ግድግዳ

ከኮምፒውተር በፊት አርክቴክት ግድግዳን የሚሥለው በሁለት ትይዩ መስመሮች ነበር። በመካከላቸው ያለው ቦታ ወይ ይጠቁራል ወይ በሰያፍ ጭረት ይሞላል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚነገረው ሌላ ቦታ ነው፦ ሰፋ ባለ ስኬል በተሣለ ዝርዝር ሥዕል ላይ ወይም በጽሑፍ በተዘጋጀው ስፔሲፊኬሽን ውስጥ።

ስለዚህ «ግድግዳው ከ20 ሴንቲ ሜትር ወደ 25 ይሁን» ከተባለ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ትሬሲንግ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀለም በምላጭ ይፍቃል። ፕላኑን፣ ሴክሽኑን፣ ኤሌቬሽኑን፣ የዝርዝር ሥዕሉን አንድ በአንድ ያርማል። አንዱን ከረሳ ሥዕሎቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። ጠቡ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግንበኛው ሳይት ላይ ሜትር ዘርግቶ «የቱን ልከተል?» ሲል ነው።

ችግሩ የሣዩ ስንፍና አልነበረም። ወረቀቱ ግድግዳ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀለም ብቻ ነው።

ቅጂውን የሚያስታውስ ማሽን

እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካው ኤምአይቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አይቫን ሰዘርላንድ ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም አቀረበ። ቲኤክስ-2 በሚባል ግዙፍ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ በብርሃን ብዕር መሣል ያስችላል። ብዙዎች የሚያስታውሱት ብዕሩን ነው፤ ለእኛ ታሪክ ግን ሌላው ሐሳቡ ይበልጣል። ሰዘርላንድ አንድ ቅርጽ «እናት ሥዕል» ሆኖ እንዲቀመጥና ከእሱ ብዙ ቅጂዎች እንዲወጡ አደረገ። እናቲቱ ስትቀየር ቅጂዎቹ ሁሉ አብረው ይቀየራሉ። ዛሬ በግንባታ ሶፍትዌር ውስጥ «የግድግዳ ዓይነት» የምንለው ነገር የዚህ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ኢስትማን በአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ኢስትማን ራሱ በሙያው አርክቴክት ነበር። የጽሑፉ ክርክር ቀላል ነበር፦ ሕንጻን በብዙ ሥዕሎች ከምንገልጸው ለምን በኮምፒውተር ውስጥ አንድ የሕንጻ መግለጫ አናኖርም? ሥዕሎቹ ከዚያ መግለጫ ይውጡ። ለውጥ ካለ አንዴ መግለጫው ላይ ይደረግ፣ ሥዕሎቹ ራሳቸው ይስተካከላሉ። የብዛት ስሌቱም ከዚያው ይወጣል። ዛሬ ቢም እየተባለ የሚጠራው አሠራር መሠረቱ ይሄው ነው።

ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዘመኑ ግን ገና ነበር። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የዩኒቨርሲቲ እንጂ የአንድ አነስተኛ የአርክቴክት ቢሮ ንብረት ሊሆን አይችልም።

ሁለት ዓይነት «ሌየር»

በ1982 አውቶዴስክ የተባለው ኩባንያ አውቶካድን ይዞ መጣ። ፕሮግራሙ በግል ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ስለዚህም ቢሮዎችን አጥለቀለቀ። ግን ልብ በሉ፦ አውቶካድ ያመጣው ከኢስትማን ሐሳብ ይልቅ ወደ ምላጩ የቀረበ ነገር ነው። ምላጩ በ«ዲሊት» ተተካ እንጂ ግድግዳው አሁንም ሁለት መስመር ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን ሁሌ የሚያደናግር አንድ ቃል አለ። አውቶካድ ውስጥ «ሌየር» ማለት አንዱ በሌላው ላይ እንደሚነጠፍ ግልጽ ወረቀት ነው፦ ግድግዳዎች በአንዱ፣ በሮች በሌላው፣ ጽሑፍ በሦስተኛው። የግድግዳው «ሌየር» ግን ብሎኬቱና ልስኑ ነው። የመጀመሪያው ሥዕሉን ያደራጃል፤ ሁለተኛው ቁሱን ይገልጻል። በዚህ ጽሑፍ «ንብርብር» ስል ሁለተኛውን ነው።

ያም ሆኖ አውቶካድ አንድ ትልቅ በር ከፈተ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አውቶሊስፕ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ በውስጡ ገባ። መሠረቱ ጆን ማካርቲ ከ1958 ጀምሮ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ያዘጋጀው ሊስፕ ነው። በድንገት የላቦራቶሪ ቋንቋ በሣዮች እጅ ገባ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረው የማያውቁ ሰዎች ማታ ማታ እየተቀመጡ ሁለት መስመር በአንዴ የሚሥል፣ የግድግዳ ማዕዘን የሚያጸዳ፣ ለበር ቦታ የሚከፍት ትንንሽ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። በዚህ ሙያ ውስጥ ስክሪፕት መጻፍን ልማድ ያደረጉት እነሱ ናቸው።

ነገር ግን አውቶሊስፕ መስመሮቹን ያንቀሳቅሳል እንጂ በመካከላቸው ብሎኬት ይኑር ሸክላ ጡብ አያውቅም። ሊያውቅም አይችልም፤ ያልተጻፈ ነገር አይነበብም።

ከቡዳፔስት እስከ ማሳቹሴትስ

ግድግዳን ግድግዳ ብሎ የሚያውቅ ፕሮግራም ለገበያ ካቀረቡት ቀዳሚዎቹ አንዱ የመጣው ብዙዎች ከማይጠብቁት ቦታ ነው፦ በወቅቱ በሶሻሊስት ሥርዓት ሥር ከነበረችው ሃንጋሪ። ጋቦር ቦያር በ1982 ቡዳፔስት ውስጥ ግራፊሶፍትን መሠረተ። የምዕራቡ ቴክኖሎጂ ወደ ምሥራቁ ጎራ እንዳይገባ ገደብ ስለነበረ አዳዲስ ኮምፒውተር ማግኘት ራሱ ፈተና ነበር። ከዚህ ድርጅት የወጣው አርኪካድ ግድግዳን፣ ወለልንና ጣሪያን እንደ ዕቃ እንጂ እንደ መስመር አያይም። ተጠቃሚው የራሱን በርና መስኮት በጽሑፍ የሚገልጽበት ጂዲኤል የተባለ ቋንቋም አብሮት አለ።

ሁለተኛው ጉዞ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጀመረ። ሊዮኒድ ራይዝና ኧርዊን ጁንግራይስ ከዚያ በፊት የማሽን ክፍሎችን በልኬት ግንኙነት የሚነድፍ ሶፍትዌር የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ነበሩ። በማሽን ንድፍ ውስጥ አንዱን ልክ ስትነካ ከእሱ ጋር የተሳሰረው ሁሉ ይከተላል። ሁለቱ ሰዎች ይህን ለሕንጻ እናድርገው ብለው በ1997 ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ2000 ሪቪት ወጣ። በ2002 አውቶዴስክ በ133 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አውቶካድን የፈጠረው ኩባንያ የአውቶካድን ተተኪ ገዛ ማለት ነው።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ግድግዳ ሲከፈት የሚታየው ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ንብርብር ነው፤ ሥራው፣ ቁሱ፣ ውፍረቱ ተጽፎበታል። በሪቪት ሥራዎቹ ቁጥር አላቸው፦ ተሸካሚው መዋቅር 1፣ ለሌላው ንብርብር መደብ የሚሆነው 2፣ የሙቀት መከላከያው ወይም የአየር ክፍተቱ 3፣ ማጠናቀቂያዎቹ 4 እና 5። ቁጥሩ የደረጃ ጉዳይ ነው። ሁለት ግድግዳዎች ሲገናኙ ትንሹ ቁጥር ሰንጥቆ ያልፋል፣ ትልቁ ቁጥር መንገድ ይለቃል። ብሎኬት ከብሎኬት ጋር ይያያዛል፣ ልስኑ ደግሞ በዙሪያው ይዞራል። ግንበኛ በእጁ የሚያደርገውን ፕሮግራሙ በቁጥር ይደግመዋል።

ሠንጠረዡ የተቆለፈበት ዘመን

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን ሠንጠረዡ አንድ ችግር ይዞ መጣ። አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ስልሳ የግድግዳ ዓይነት ቢኖርና በሁሉም ላይ የውጭ ልስኑ ከ2 ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይቀየር ቢባል፣ ስልሳ ጊዜ መስኮት መክፈት፣ ረድፉን መፈለግ፣ ቁጥሩን መጻፍ፣ መዝጋት ግድ ነው። ምላጩ በሌላ መልክ ተመለሰ። በተለይ እኛ አካባቢ ይህ ሥራ ይበዛል፤ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጡት ዝግጁ ግድግዳዎች በአብዛኛው በሌላ አገር አሠራር የተዘጋጁ ናቸውና ቢሮው ወደ ብሎኬትና ልስን እስኪመልሳቸው ድረስ ለእኛ ሕንጻ አይሆኑም።

«በኮድ ይታረማ!» ትሉ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ አይቻልም ነበር። ሪቪት ከውጭ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት በር፣ ማለትም ኤፒአይ፣ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቢኖርም የግድግዳውን ንብርብሮች ለንባብ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ኮዱ ልስኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፣ መልስ ያገኛል፣ መቀየር ግን አይችልም። ይህ የተለወጠው በ2012 እትም ነው። በዚያ እትም የግድግዳውን ድርብርብ መዋቅር የሚወክለው የድሮው ክፍል ወጥቶ ሊነበብም ሊታረምም በሚችል አዲስ ክፍል ተተካ።

በዚያው ዘመን የኮዱ ቋንቋም ወደ ተራው ተጠቃሚ ቀረበ። በሪቪት ውስጥ የፓይተን ትእዛዝ ጽፎ ወዲያው ውጤቱን ማየት የሚያስችሉ ነጻ መሣሪያዎች ወጡ። ኢያን ኪዮ የጀመረው ዳይናሞ ደግሞ ኮድን በሳጥንና በሽቦ መልክ እንድናያያዝ አደረገ። ማታ ማታ አውቶሊስፕ ይጽፉ የነበሩት ሣዮች ልጆቻቸው አሁን ፓይተን ይጽፋሉ ብንል ብዙም አንሳሳትም።

ስክሪፕቱ በትክክል ምን ያደርጋል?

አካሄዱ በጥቂት ደረጃዎች ይነገራል። መጀመሪያ ስክሪፕቱ ግድግዳዎቹን ሳይሆን የግድግዳ ዓይነቶቹን ይሰበስባል። ምክንያቱም ንብርብሩ የተጻፈው በዓይነቱ ላይ ነው፤ የሰዘርላንድን «እናት ሥዕል» አስታውሱ። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ዓይነት ድርብርብ መዋቅሩን ይጠይቃል። ከዚያ ረድፍ በረድፍ እየሄደ ሥራውን፣ ቁሱንና ውፍረቱን ያያል፤ መስፈርቱን ያሟላውን ይቀይራል። መዋቅሩ ልክ መሆኑን ያስፈትሻል፤ ለምሳሌ እንደ ውሃ መከላከያ ፕላስቲክ ያለው ስስ ሽፋን ውፍረቱ ዜሮ መሆን አለበት። በመጨረሻ የታረመውን መዋቅር ወደ ዓይነቱ ይመልሳል። ይህ ሁሉ «ትራንዛክሽን» በሚባል ጥቅል ውስጥ ይከናወናል፤ መሀል ላይ ስሕተት ከተፈጠረ ጥቅሉን እንዳለ መሰረዝና ሞዴሉን ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል።

ጀማሪን የሚያስለቅሰው አንዱ ነገር እዚህ አለ። ፕሮግራሙ መዋቅሩን ሲጠየቅ የሚሰጠው ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን ነው። ቅጂውን አርመህ መመለስ ከረሳህ ስክሪፕቱ ያለ ምንም ስሕተት ይጨርሳል፤ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ፎቶ ኮፒው ላይ ፈርመህ ዋናውን ሰነድ ሳትፈርም እንደመሄድ ነው።

ሁለተኛው የበለጠ አደገኛ ነው፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ሪቪት ስክሪኑ ላይ ሚሊ ሜትርም ሜትርም ቢያሳይ ውስጡ ርዝመትን የሚያስበው በጫማ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ፕሮጀክት ላይ የውጭ ግድግዳዎች ሁሉ 5 ሴንቲ ሜትር የሙቀት መከላከያ እንዲኖራቸው ስክሪፕት ጻፍኩና በሜትር ስላሰብኩ 0.05 አልኩ። ፕሮግራሙ 0.05 ጫማ ብሎ ተረዳኝ፤ ይህም 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስሕተት አልታየም። ግድግዳው ጤነኛ ይመስላል፤ 1.5 ሴንቲ ሜትር የልስን ውፍረት ስለሆነ ዓይን አይቆረቁርም። 5 ብዬ ብጽፍ ኖሮ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ግንብ ወጥቶ እሥቅ ነበር። ትልቅ ስሕተት ይጮሃል፣ ትንሹ ግን ዝም ይላል።

ዝምታው ዋጋ አለው። የአንድ ንብርብር ሙቀት የመግታት አቅም ውፍረቱ ለቁሱ ሙቀት አስተላላፊነት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ለተለመደ መከላከያ አስተላላፊነቱን 0.035 ብንወስድ 5 ሴንቲ ሜትሩ 1.43 ይሰጣል፤ 1.5 ሴንቲ ሜትሩ ግን 0.43 ብቻ፣ ማለትም ከሦስተኛ በታች። ስሕተቱን ያገኘው እኔም ኮምፒውተሩም አይደለንም፤ የብዛት ስሌቱን የሚሠራው የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ «ይሄ ቁስ በዚህ ውፍረት ገበያ ላይ አለ እንዴ?» ብሎ።

ሦስተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ግድግዳው ሲወፍር ወደ የት ይወፍራል? መነሻ መስመሩ በመሀል ከሆነ ወደ ሁለቱም ጎን እኩል ይወፍራል። 1.20 ሜትር ስፋት ያለው ኮሪደር በግራና በቀኝ ያሉት ግድግዳዎች 5 ሴንቲ ሜትር ቢጨምሩ እያንዳንዳቸው 2.5 ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ኮሪደሩ 1.15 ይሆናል። በሰነድ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ስፋት 1.20 ከሆነ ሕንጻው ሕግ ጥሷል፤ ማንም ግን ኮሪደሩን አልነካም።

አንድ ረድፍ ምን ያህል ይከብዳል?

ይህን ሁሉ የሶፍትዌር ዝርዝር ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ለንደን ውስጥ የሆነውን ካላየን።

ግሬንፌል ታወር ባለ 24 ፎቅ የኮንክሪት መኖሪያ ሕንጻ ነበር። በ2016 በተጠናቀቀ እድሳት በኮንክሪቱ ላይ ከውጭ በኩል አዲስ ንብርብሮች ተጨመሩለት፦ የሙቀት መከላከያ፣ የአየር ክፍተት፣ ከዚያም የብረት ሽፋን። መጀመሪያ ለሽፋኑ ታስቦ የነበረው ዚንክ ነው። በኋላ ዋጋው ረከስ በሚል መሀሉ ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ በሆነ፣ ሁለት ጎኑ ስስ አሉሚኒየም በለበሰ ፓኔል ተተካ። በሠንጠረዡ ቋንቋ ከተናገርን የአንድ ረድፍ ቁስ ተቀየረ። ሰኔ 14 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሌሊት አንድ ቤት ውስጥ የተነሳ እሳት ወደ ውጩ ሽፋን ወጣ፤ 72 ሰዎች ሞቱ። በ2019 የወጣው የአጣሪው የመጀመሪያ ሪፖርት እሳቱ በሕንጻው ላይ እንዲያ የተዛመተበት ዋና ምክንያት እነዚያ ፓኔሎች መሆናቸውን አረጋገጠ።

ይህን ያመጣው ስክሪፕት አይደለም። ውሳኔው የሰዎች ነው፤ በ2024 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርትም ጥፋቱን ከመንግሥት እስከ ቁስ አምራቾች ዘርዝሮታል። እኔ ላሳይ የፈለግሁት የአንድ ንብርብር ለውጥ ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚችል ነው።

ከአደጋው በኋላ በእንግሊዝ ሌላ ጥያቄ ተነሳ፦ እንዲህ ያለ ፓኔል የለበሱ ሌሎች ሕንጻዎች የትኞቹ ናቸው? መልሱ በአንድ ቦታ ተጽፎ አልተገኘም፤ ሕንጻ በሕንጻ እየዞሩ መፈለግና መመርመር ግድ ሆነ። ጁዲት ሃኪት በ2018 ባቀረቡት የመንግሥት ግምገማ «ወርቃማ ክር» የሚል ሐሳብ አስገቡ፦ ስለ ሕንጻው ያለው ትክክለኛ መረጃ ከንድፍ እስከ አገልግሎት ዘመኑ ሳይበጠስ በዲጂታል መልክ ይኑር፤ ምን እንደተቀየረ፣ ማን እንደቀየረው፣ ለምን እንደቀየረው ይታወቅ።

እዚህ ላይ ስክሪፕት ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል «ይህ ቁስ ያለባቸውን ግድግዳዎች ሁሉ ከነፎቃቸው አውጣ» ብትለው በሰከንዶች ዝርዝሩን ይሰጣል፤ ሞዴሉ እውነተኛ እስከሆነ ድረስ ይህን የሚያህል የደኅንነት መሣሪያ የለም። በሌላ በኩል ያንኑ ቁስ በሰከንዶች በሌላ ቀይሮ የድሮውን ዱካ ሊያጠፋ ይችላል። በምላጭ የተፋቀ ትሬሲንግ ወረቀት ቢያንስ ጠባሳ ይተዋል፤ ሠንጠረዥ ግን ጠባሳ የለውም፣ ካላስቀመጥንለት።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምለው ጥቂት ነው። የድሮውን የግድግዳ ዓይነት አትንኩት፤ ቅጂ አውጡና ቅጂውን በአዲስ ስም አርሙ። ስክሪፕቱ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለውን ውፍረትና ቁስ ወደ ፋይል ይጻፍ፣ ከቀኑና ከአራሚው ስም ጋር። መጀመሪያ በአንድ ዓይነት ላይ ሞክሩት፣ በእጃችሁ ለኩት፣ ከዚያ ወደ ሁሉም ሂዱ። ዝርዝሩንም ኮድ ለማያነብ ሰው አሳዩት፤ የእኔን ስሕተት ያገኘው እንደዚያ ያለ ሰው ነው።

የጭቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ የመረገውን ጎረቤት መጠየቅ ይበቃል። የዛሬው ሕንጻ ግድግዳ ግን የሚመረገው በማናውቃቸው ሰዎችና ባልጻፍነው ኮድ ነው። ከዓመታት በኋላ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚሰጠው ያ የተጻፈው ፋይል ብቻ ነው።